ከበረካ በኋላ

ቢቸና ባደግሁበት ቤት እሳት አይጠፋም ነበር፤ ይዳፈናል እንጂ። ቡናው በረካ ደርሶ፣ ጎረቤት መርቆ ሲነሣ፣ እናቴ ፍሙን ሰብሰብ ታደርግና የኩበት ቁራጭ ጣል አድርጋበት አመድ ታለብሰዋለች። ሲነጋ አመዱ ሲገለጥ ፍሙ እንደቀላ ይገኛል። ክብሪት በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ ይህ ትልቅ ሙያ ነበር። እሳቷ የሞተባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ዘንድ እሳት ልትጭር ትሄዳለች፤ ደጋግማ ከሄደች ደግሞ ትታማለች።

ሙያው በአገራችን ከቡናውም ይቀድማል። በክርስቲያኑ ቤት ቡና የቆየ ነገር አይደለም፤ ካህናቱ ለረጅም ጊዜ ሲያወግዙት ኖረው ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ግድም ነው። እናም ቡና ወደ ቤታችን ሲገባ ምድጃው የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ጀበናው መጥቶ እዚያው ላይ ተጣደ። ቤቱ የሣር ክዳን ነበር፣ ግድግዳውም ስንጥቅ አያጣም፤ ጭሱም ሌላውም እየሾለከ ይወጣል። የተዳፈነ እሳት ዳር ተኝቶ ማደር ያን ጊዜም ጤና ነበር አልልም፤ ሣሩ ግን ብዙ ነገር ያሳልፍ ነበር።

አሁን ሞጣ ውስጥ በጀበና ቡና ነው የምተዳደረው። ክርስትና፣ ማኅበርና ልቅሶ ሲኖርም እየተጠራሁ የሰው ቤት ገብቼ አፈላለሁ። ስለዚህ የብዙ ቤት ምድጃ አይቻለሁ። ቤቱ ተለውጧል፤ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግድግዳው ተመርጎ ተለስኗል፣ ከላይ በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በሸራ ኮርኒስ ተወጥሯል፣ መሬቱ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። እሳቱን የምንይዝበት መንገድ ግን የእናቴ ነው። ቡና ሲያልቅ ከሰሉ እንዳለ ይተዋል፤ "ይሙቀን"፣ "ለማታ ይሆናል"፣ "ራሱ ይከስማል" ይባላል። ማፍላቱን ሁሉም ያውቃል። ማጥፋቱን ያስተማረን የለም፤ ለእናቶቻችን እሳት ማጥፋት ጥፋት ነበርና።

ከሰሉን በተመለከተ በጣም ሥር የሰደደው ስሕተት "ጭሱ ካለቀ አይጎዳም" የሚለው ነው። ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉታል፣ ጥቁሩ አልቆ ግራጫ አመድ ሲለብስ "አሁን ጠራ" ብለው ያስገቡታል። የጠራው ለዓይንና ለአፍንጫ ብቻ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ግራጫ ለብሶ በዝግታ የሚነድ ፍም ደግሞ ከዚህ ጋዝ ብዙ ያወጣል። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ አየር ያጣል። ዕጣኑና የቡናው ሽታ ደግሞ ቤቱን ንጹሕ አየር የሞላበት ያስመስሉታል።

ነገሩን የሚያከፋው የቡና ሱስ ራሱ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሳይጠጣ ሲቀር ራሱን እንደሚያመው እናውቃለን። በተዘጋ ክፍል ከሰል ከብቦ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ግን ያው ራስ ምታት ነው፤ ከዚያ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላል። "ቡናው አልወጣልኝም፣ አንድ ጊዜ ድገሚልን" የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ድጋሚ ማለት ድጋሚ ከሰል ማለት ነው። እኔ አሁን በረካ ላይ ራሱን የሚይዝ እንግዳ ካየሁ በሩን ከፍቼ ደጅ አወጣዋለሁ። ደጅ ቆይቶ ከተሻለው ሱሱ እንዳልነበር ይገባዋል። የተዝለፈለፈ ካለ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ወተትም ሎሚም ይህን ጋዝ ከደም አያስወጡም።

ከሁሉ የምፈራው አራስ ቤት ነው። ሞጣም ቢቸናም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በክረምት ዝናቡ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። አራሷ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፤ ገንፎውም አለ። ሁሉም ሲሄድ ማንደጃው ለእናትና ለሕፃን "ሙቀት ይሁናቸው" ተብሎ አልጋው ግርጌ ይቀራል። በልማድ ቤቱን የምታዝዝ አንዲት ትልቅ ሴት ስላለች፣ እንደ እኔ ያለች ቡና አፍይ ዝም ብላ ማንደጃውን ማውጣት አትችልም። አንድ ቤት "እሜቴ፣ ይህን ላውጣው?" ብላቸው፣ "ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ አራስ ብርድ ልታስመቺ?" አሉኝ። "እንግዲያው እርስዎም እዚህ አይደሩ፤ መስኮቱንም እኔ ልክፈተው" አልኳቸው። ትንሽ ተቆጡ። ቆይተው ግን በራሳቸው እጅ አወጡት፤ አራሷን ጋቢ ደረቡላት። ክርክር ሳይሆን ጋቢ ነው የሚያሸንፈው፤ ሙቀቱን የሚተካ ነገር ሳያቀርቡ "እሳቱ ይውጣ" ማለት የትም አያደርስም።

ወደ ሙያው ልመለስ። ቡናን በደኅና መጨረስ የሚጀመረው በረካ ላይ አይደለም፤ አቦል ሲጣድ ነው። እኔ ከሰል የምጨምረው ቶና እስኪጣድ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፍም በረካን ለማፍላት ይበቃዋል፣ ምክንያቱም ጀበናው ራሱ ግሏል። በዚህ አገር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለመፍላት የሚታገል ጀበና አይኖርም፣ ከሰል መደረብ ልማድ ነው እንጂ ግድ አይደለም። እንግዳው ሲመርቅ ማንደጃው ውስጥ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ፍም ከሆነ አፍይዋ ሙያተኛ ናት እላለሁ። ክምር ፍም ከቀረ ከሰሉም ባክኗል፣ አደጋውም ቤት ውስጥ ነው።

ለቀረው ፍም ውሃ አልወድም። ውሃ ሲደፋበት እንፋሎቱ ፊትን ይጠብሳል፣ አመዱ እስከ ሲኒው ይበናል። እንደ ላቀች ያለ ውስጡ ሸክላ የሆነ ምድጃ ከሆነ ደግሞ ሸክላው ይሰነጠቃል። የእኔ ዘዴ ደጅ የተቀመጠ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ፍሙን በመቆንጠጫ አንሥቼ እዚያ ውስጥ እከተዋለሁ፣ እከድነዋለሁ። አየር ያጣ ፍም ይሞታል፣ ከሰሉም ለነገ ይተርፋል። ቆርቆሮው ቤት አይገባም፤ ፍሙ እስኪሞት ድረስ ያንኑ ጋዝ ማውጣቱን አይተውም። ጥቁር መስሎ የታየ ከሰልም በዚያው ምሽት ወደ ጆንያው አይመለስም፤ ከላዩ ጠቁሮ መሐሉ የሚነድ ከሰል ጆንያ ሙሉ ከሰል ያቀጣጥላል። ላቀች ከሰል ይቆጥባል፣ በዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ግን ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ፍሙ ከወጣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ምንጣፍ ያቀልጣል። እሱም ደጅ ይውጣ፣ ካልሆነ ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። የተጎዘጎዘው ቄጠማም ቡናው ሲፈላ እርጥብ ነው፤ በማግሥቱ ገለባ ነው።

አመዱን በተመለከተ ቢቸናና ዙሪያው የጤፍ አገር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ በየጓሮው ሲከመር፣ ነፋሱም በርትቶ ሣሩም ደርቆ፣ ያን ጊዜ ትኩስ አመድ ከቤት ጓሮ መድፋት እብደት ነው። አመድ ውስጥ የተደበቀች የጣት ጫፍ የምታህል ፍም ነፋስ ካገኛት ትነሣለች። አመዱ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፣ ፍም እንደሌለበት ተገላብጦ ታይቶ ነው የሚደፋው። ለከብት መኖ ሊሆን የተከመረው የዓመት ልፋት በቡና አመድ ሲነድ ማየት ለጠላትም አይመኙት።

ስለ ጀበናው ብዙ አልልም። ትኩስ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፣ ይሰነጠቃልና። ባዶውን እሳት ላይ አይተውም። ማቶቱ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ቡናችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው ብሎ የሚዘናጋ ካለ፣ ከ70 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ የሰው ቆዳ ለማቃጠል አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። ቀዝቀዝ ሲል አተላው ይራገፋል፣ ያለ ሳሙና ይለቀለቃል፣ አፉ ተደፍቶ ይደርቃል።

ኤሌክትሪክ ሲገባ ብዙዎቻችን ከከሰሉ ጋዝ ተገላገልን፤ እውነት ነው። ከተማ ውስጥ አሁን የቤት ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል፤ ያ ሸክላ ውስጥ የተጠማዘዘ ባዶ ሽቦ ያለበት። ይህ ምድጃ ሲግል የሚያቆመው፣ ሲረሳ የሚያጠፋው ነገር የለውም። እስኪነቀል ድረስ ይግላል፤ በቃ።

የኛ አገር ነገር ደግሞ መብራት ይሄዳል። አቦል ሳይቀዳ ጭልም ይላል። ሁሉም ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል፤ ወደ ምድጃው የሚያይ የለም። ጀበናው ወደ ከሰል ይዛወራል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ምድጃው ሶኬቱ እንደተሰካ ጥግ ይገፋል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ምንም አይመስልም፤ ሰፌድ ይደገፍበታል፣ የሲኒ ጨርቅ ይጣልበታል። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ፣ ወይም ቅዳሜ ሁሉም ገበያ ወጥቶ ሳለ መብራት ይመጣል። መብራት የሄደበት ምድጃ የጠፋ ምድጃ አይደለም፤ አመድ የለበሰ ፍም ነው። እናቴ ሆን ብላ፣ ሲነጋ እንደምታገኘው አውቃ ነበር የምትዳፍነው፤ እኛ ግን ሳናውቀው ዳፍነን እንተኛለን። ስለዚህ መብራት እልም ባለ ቁጥር እጄ በጨለማ የሚሄደው ሻማ ፍለጋ ሳይሆን ወደ ሶኬቱ ነው። ሻማው ይደርሳል። ሰፈሩ "መጣ!" ብሎ ሲጮህ መብራቱ ምድጃዬን ተነቅሎ ያገኘዋል።

ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ አይደለም ወይ የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ብዙው ርካሽ ምድጃ ማጥፊያው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት ክብ እግሩ ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይሰካል። ተገልብጦ ከተሰካ ማጥፊያው የሚቆርጠው ባዶውን መስመር ይሆንና፣ ሽቦው ቀዝቅዞ ሳለ ኤሌክትሪኩ ግን እዚያው አለ። ቡና ገንፍሎበት "አጥፍቼዋለሁ" ብላ በእርጥብ ጨርቅ የምትጠርግ ሴት የምትያዘው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ይነቀላል፣ ቀጥሎ ጀበናው ይነሣል፣ ምድጃው የሚጠረገው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የሚነቀለውም ገመዱን በመጎተት ሳይሆን ራሱን ሶኬቱን ይዞ ነው።

ዲቫይደሩ ሌላ ጣጣ ነው። 2,000 ዋት የሚስብ ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ቀጭን ገመድ ያለው ዲቫይደር ይህን ብቻውን ለመሸከም ይከብደዋል። እኛ ግን ቴሌቪዥኑንም ስልኩንም ፍሪጁንም እዚያው ላይ እንሰካለን። ከነቀልኩ በኋላ ሶኬቱን በእጄ እዳስሰዋለሁ። ከሞቀ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ካወጣ ወይም ጎማ ጎማ ከሸተተ ምድጃው ከዚያ ቦታ ሁለተኛ አይሰካም።

በቅርቡ ደግሞ ከውጭ የሚላኩ የቡና ማሽኖችን ማየት ጀምሬያለሁ፤ በወረቀት አጥልሎ ብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚያንጠባጥበውን። ለአውሮፓ ገበያ ከሆነ ራሱን የሚያጠፋ ይሆናል፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ እንዲህ ያለ የቤት ማሽን ቡናው ፈልቶ ካለቀ ቢበዛ በ40 ደቂቃ ውስጥ ራሱ እንዲያርፍ በሕግ ተወስኗል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ለባዶ ሽቦው ምድጃም ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ። ከአሜሪካ የመጣው ግን 120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ እኛ ግድግዳ ላይ ከተሰካ አንድ ሲኒ ሳይቀዳ ይቃጠላል። ይህን የሚያውቅ ቤት ትራንስፎርመር ይገዛል። ቡናው ሲያልቅ ታዲያ ማሽኑን ከትራንስፎርመሩ ይነቅሉታል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ከሶፋው ጀርባ እንደተሰካ ይቀራል። ምንም ባይሸከምም ይሞቃል፣ ቆጣሪውንም ያስቆጥራል፤ መብራት ከሄደ በኋላ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። የሚነቀለው ከግድግዳው ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ።