ምድጃ የሌለው ዕቃ ቤት

ቦንጋ ውስጥ የእጅ መሣሪያ የሚያልቀው ሲሠራበት ሳይሆን ሲቀመጥ ነው። ቡና ሥር ሲመነጥር የሰነበተ ገጀራ ስለቱ ያብረቀርቃል፤ ክረምቱን ዕቃ ቤት ጥግ ተደግፎ ያሳለፈው ግን ዝገት ለብሶ ይወጣል። በአናጢነት ሥራዬ መጋዜን፣ ፒያላዬንና መሮዎቼን ከጠንካራ እንጨት ይልቅ የተፈታተናቸው ይኸው ተቀምጦ መዛግ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ብዙ ፋታ አይሰጥም። ይህ እርጥበት ባይኖር ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የከፋ ደንም ሆነ በውስጡ የሚበቅለው የጫካ ቡና ባልኖሩ ነበር። ለቡናው ሕይወት የሆነው ግን ብረቱን ይበላል። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው፤ ኦክስጅንን ከዕቃ ቤት ማስወጣት ስለማይቻል ትግላችን ከውሃው ጋር ነው። ውሃ ሲባል ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቨርነን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች እንዳሳየው፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ካለፈ አንድም ጠብታ ሳይታይ የዝገቱ ፍጥነት ይጨምራል። በእኛ ክረምት ከዚያ በታች የሚወርድ ሌሊት ማግኘት ከባድ ነው።

የገጠሩ የሣር ቤት ለዚህ መልስ ነበረው። ባደግሁበት ቤት ገጀራውም ማጭዱም ከምድጃው ሳይርቁ ግድግዳው ላይ ይሻጡ ነበር። ለዘር የታሰበው በቆሎ ከእሳቱ በላይ የሚሰቀለው ነቀዝ እንዳይደርስበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ብረቱም ከዚያው እሳት ይጠቀም እንደነበር ግን እምብዛም አይወሳም። እሳቱ አየሩን ያደርቃል፤ ብረቱ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል፤ ጭሱም ቀስ በቀስ ጥቀርሻ ያለብሰዋል። መሣሪያው ወደ ቆርቆሮ ክዳን ዕቃ ቤት ሲዛወር ሦስቱም ቀሩበት። ስለዚህ ምድጃ የሌለው ዕቃ ቤት ያለው ሰው እሳቱ ይሠራ የነበረውን በእጁ መሥራት አለበት። ብዙ ሰው በዘይት ይጀምራል፤ ዘይት ግን የመጨረሻው ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ጥርት ባለ ሌሊት ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጥር ላይ እንኳ፣ ዝናብ በሌለበት ንጋት፣ ከጣሪያ ምስማሮች ጫፍ ውሃ ሲንጠባጠብ ይታያል። ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ያለው እርጥብ አየር ሲገባ ደግሞ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ብረት ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። ረፋድ ላይ በእጄ ስዳስሳቸው ስሱ የመጋዝ ላማ ደርቋል፤ ወፍራሙ ሞርሳ ግን ገና እርጥብ ነው። ወፍራም ብረት ለመሞቅ ስለሚዘገይ ላቡም ይቆይበታል። ጠንካራ ነው ተብሎ ችላ የሚባለው ሞርሳ ከሁሉ ቀድሞ መሸፈን ያለበትም ለዚህ ነው፤ ማታ ማታ ደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይልበስ።

የመጀመሪያው ሥራ ቤቱን ማስተካከል ነው። ከቆርቆሮው ሥር የጆንያም ቢሆን ኮርኒስ ይኑር፤ ከግድግዳው ጫፍ አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተው። መሣሪያ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይተኛ፣ ጭቃ ግድግዳም አይደገፍ፤ ሁለቱም እርጥበት ያስተላልፋሉ። ከግድግዳው ራቅ ብሎ በተመታ ደረቅ ጣውላ ላይ ይንጠልጠል። ዩሪያና የከብት ጨው እዚያው ቤት ከተቀመጡ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ እርጥበት ይስባሉ፣ ብናኛቸውም ብረቱን ይበላዋል። ገና ያልደረቀ ጣውላም ውሃና አሲድነት ያለው ትነት ስለሚያወጣ ከመሮ ጋር አንድ ክፍል አይደር።

ሁለተኛው ማጽዳት ነው። የእንሰት፣ የሙዝና የእርጥብ እንጨት ጭማቂ ስለት ላይ ከደረቀ የዝገት መነሻ ይሆናል። የእጅ ላብም ጨው አለው፤ ያልተወለወለ የፒያላ ስለት ላይ የአውራ ጣት አሻራ በዝገት ታትሞ ይገኛል። የጀመረውን ዝገት በደረቅ አመድና በጨርቅ ማሸት ያስለቅቀዋል፤ አመዱ ግን ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጠለቅ ያለውን የብርጭቆ ወረቀት ያነሳዋል። ዝገት ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ በላዩ ዘይት መቀባት ሥሩን አይነካውም።

ቅባቱ ላይ ስንደርስ ከፋ የታደለ አገር ነው፤ ማር አለ፣ ሰም አለ። ቅቤ ውሃ ስላለበትና ስለሚሻግት ለብረት አይሆንም። የኑግና የተልባ ዘይት አየር ሲያገኛቸው ይወፍራሉ፤ ስለቱን ያጣብቃሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሞተሩ የወሰደው አሲድና ቆሻሻ አለበት፣ ጣውላም ያበላሻል። እኔ የምመርጠው ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍን ነው። በውሃ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ማር ውሃ ስለሚስብ ሰሙ ውስጥ እንዳይቀር ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ንጹሑ ሰም ከስፌት መኪና ዘይት ጋር፣ አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ ዘይት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቀልጣል። ሰም በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልገውም፤ አደጋም አለው።

የሚቀባውም ፀሐይ ላይ ውሎ በሞቀ ብረት ነው። ሙቀቱ የተደበቀውን እርጥበት ያባርራል፣ ሰሙም እስከ ጥቃቅኑ ጭረት ይገባል። ስስ ሆኖ ይቀባ፤ የተረፈው በጨርቅ ይወልወል። እጀታው ከብረቱ የሚጋጠምበት ቦታ አይዘለል፤ ገጀራ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከዚያ፣ ዓይን የማያየው ዝገት ከበላው ሥፍራ ነው።

ከባሊስትራ የተቀጠቀጠ ጥሩ ገጀራ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ የሚችል ዕቃ ነው። ሙያ የሚለምድ ልጅ ስለት ማውጣትን በሚማርበት ሳምንት ማስቀመጥንም ይማር። ሥራ ሲበቃው መሣሪያውን ይጥረግ፣ ያሙቅ፣ ይቀባ፣ ከዚያ ይስቀል። ዝናቡ ሳይበረታ፣ መጋቢት ሳይገባ፣ ኮርኒሱን አይቶ ሰሙን ያዘጋጀ ሰው ክረምቱን በሰላም ይሻገራል፤ መስከረም ላይም ሞረድ ፍለጋ አይሮጥም።