በፎቶግራፍ ውስጥ ለተከተተ መረጃ የሚሰጡ የአማርኛ ስያሜዎች፤ አጭር ሂስ

ቀደም ባሉት ዓመታት በአገራችን ፎቶግራፍ ለወዳጅ ሲሰጥ በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀኑና የሰጪው ስም ይጻፍበት ነበር። ዛሬ የዚህን ተግባር ከፊል ካሜራው ራሱ ያከናውናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የወጣው ኤግዚፍ የተባለው ደንብ የካሜራው ሠሪ፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ከምስሉ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ እንዲመዘገብ ያደርጋል። ሚዲያዊኪን የመሳሰሉ የዊኪ ፕሮግራሞችም መዝገቡን ከፋይሉ አውጥተው በሠንጠረዥ ያሳያሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ሠንጠረዡ በአማርኛ ሲቀርብ የሚነሣው የስያሜ ችግር ነው።

የሂሱ መነሻ የጸሐፊው የራሱ ስሕተት ነው። የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ለሰበሰበበት የግል ዊኪ የሠንጠረዡን ስያሜዎች የተረጐመው የእንግሊዝኛውን ቃላት ዝርዝር ብቻ ይዞ፣ ከየቃሉ ጎን የሚሰፍረውን ነገር ሳይመለከት ነበር። በመሆኑም «ሜክ» የሚለው ቃል እንደ ትእዛዝ አንቀጽ ተቈጥሮ «ሥራ» ተባለ፤ ከጎኑም የካሜራ ፋብሪካ ስም ሰፈረ። ትክክለኛው «ሠሪ» መሆኑ ገጹን ላየ ሰው ግልጽ ነበር። «ኤክስፖዠር» ደግሞ «መጋለጥ» ተባለ። መጋለጥ በአማርኛ ለብርድ፣ ለበሽታ፣ ለአደጋ ነው፤ «የመጋለጥ ጊዜ፦ 1/125» ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። «ብርሃን የገባበት ጊዜ፦ 1/125 ሰከንድ» ቢባል ግን ፎቶግራፍ አንሺ ያልሆነ ሰው እንኳ ይረዳዋል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው «ኦሪየንቴሽን» «አቅጣጫ» መባሉ ነው። ይህ ክፍል ከ1 እስከ 8 ያለ ቍጥር የሚይዝ ሲሆን፣ ለምሳሌ 6 ማለት ምስሉ በትክክል እንዲታይ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዙር ማለት ነው። በዚሁ መዝገብ ውስጥ ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ በዲግሪ የሚያመለክት ሌላ ክፍል ስላለ፣ አንድ ስያሜ ለሁለት ነገር ዋለ። «አቅጣጫ» ለኋለኛው ተትቶ የፊተኛው «የምስሉ አዟዟር» ቢባል ይሻላል።

ዋነኛው ጉዳት ግን ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ነው። በደንቡ መሠረት ቀን የሚመዘገበው «2016:09:11 08:00:00» በሚል መልክ ነው። ይህ የ2009 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። «የተነሣበት ቀን» ከሚለው ነቀፋ የሌለበት ስያሜ ጎን እንዳለ ሲቀርብ ግን አማርኛ አንባቢ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። በዚህም የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስሕተት ይፈጠራል፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለ ሕፃን ዕድሜም፣ በመካከሉ ያረፈ ሰው መታሰቢያም ይዛባል። ስለዚህ ስያሜው «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ይጨመርበት፤ አለዚያም ዘመኑና ሰዓቱ ወደ እኛ አቈጣጠር ይለወጥ። ደንቡ ሦስት ልዩ ልዩ ቀኖችን የሚለይ መሆኑም አይዘንጋ፤ ይኸውም ፎቶግራፉ የተነሣበት፣ ወደ ዲጂታል የተለወጠበትና ፋይሉ የታረመበት ናቸው። አሮጌ የወረቀት ፎቶግራፍ በስካነር ሲገለበጥ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ልዩነት የብዙ ዓመት ሊሆን ስለሚችል፣ «ቀን» ብቻ ማለት አይበቃም።

የሠንጠረዡ አጠቃላይ አርእስትም አከራካሪ ነው። ለ«ሜታዳታ» የሚሰጠው «ዲበ ውሂብ» በአመሠራረቱ የሚነቀፍ አይደለም። «ውሂብ» ወሀበ፣ ማለት ሰጠ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ በመሆኑ፣ የላቲኑም «ዳታ» «የተሰጡ» ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱ በሥርም በሐሳብም ይገጥማሉ። «ዲበ»ም በ«ዲበ አካል» የተለመደ ነው። ለመዝገበ ቃላትና ለባለሙያ ጽሑፍ ስያሜው ይጽና። በቤተሰብ የፎቶግራፍ ገጽ ላይ ግን አያትም የልጅ ልጅም የሚያነቡት ስለሆነ፣ ጸሐፊው «የጀርባ ጽሑፍ» የሚለውን ይመርጣል። እርግጥ ነው፣ መረጃው በፋይሉ ውስጥ እንጂ በጀርባው አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «ዲበ»ም «በላይ» ማለት ነውና ያው ተቃውሞ እርሱንም ያገኘዋል። «የጀርባ ጽሑፍ» የቦታ ሳይሆን የተግባር ስያሜ ነው።

የግዕዝ ምንጭ ሁሉ ለአንባቢ ይከብዳል ማለት ግን አይደለም። በባሕረ ሐሳብ የዕለት ስድሳኛ ክፍል የሆነው «ኬክሮስ» ዛሬ ከ«ኬንትሮስ» ጋር የምድርን መስመሮች ይሰይማል፤ በሠንጠረዡም ያለ ችግር ይገባል። ለዚህ ያበቃው በትምህርት ቤት ከካርታው ጋር አብሮ መሰጠቱ ነው።

በጠቅላላው፣ የሠንጠረዥ ስያሜ ብቻውን ቆሞ የሚነበብ ቃል አይደለም፤ ከጎኑ ለሚሰፍረው አኃዝ ፍች ሰጪ ነው። ተርጓሚ የቃላት ዝርዝር ሲቀርብለት አስቀድሞ የተሞላ ገጽ ይጠይቅ፤ ስያሜ አውጪ ኮሚቴም አቻ ቃልን ከማጽደቁ በፊት ከአንድ እውነተኛ ፎቶግራፍ ጎን አስፍሮ ያንብበው።