ባዶው ቤት ለምን ባዶ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1978 ለሕዝብ የቀረበው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም ባልራቀ ወጪ የተሠራ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ነው። በ6 ዓመቱ ታላቅ እኅቱን የገደለ ልጅ ከ15 ዓመት በኋላ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አምልጦ ወደ ትውልድ ከተማው ይመለሳል፤ ወጣቶችንም በየተራ ይገድላል። ተወልዶ ያደገበትን ወና ቤት የሰፈሩ ልጆች ሰይጣን እንዳለበት ቆጥረው ይሸሹታል።

የፊልሙ ጥበብ በቁጠባው ላይ ነው። ደም እምብዛም አይታይበትም። ፍርሃቱን የሚገነቡት ጨለማው፣ ዝምታውና አዘጋጁ ራሱ የደረሰው ተደጋጋሚ ዜማ ናቸው። በመጨረሻም ባዶ ክፍሎች እየታዩ የገዳዩ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ በጥቂት ገንዘብ ለሚሠራ የኪነት ቡድን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙ የክፋቱን ምንጭ ሆን ብሎ ይሰውራል፤ ገዳዩ ክፉ ነው ከማለት በቀር ምክንያት አይሰጥም። ይህ የዋግን ተመልካች አያረካም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ብዙ ቤተሰብ ከዋግ ደጋ ወደ ኮረም የእርዳታ መጠለያ በእግሩ ሲሰደድ፣ ቤቱን ወና ያደረገው ሰይጣን አልነበረም፤ ድርቅ፣ ጦርነትና የዘገየ እርዳታ ነበሩ።

ስለዚህ በዋግ ኽምራ ስለ ባዶ ቤት ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ወጣት ከካርፔንተር ዝምታውን ይዋስ፤ በሩን ሲከፍት ግን ነዋሪዎቹ ወዴት እንደሄዱና ማን እንዳስወጣቸው ይጠይቅ።