የቃል ፍቺና የሰላምታ ሥርዓት፦ «አዳ ቦረና» ከጎልቦ ሲነበብ

ፈረንሳይኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ጋር የጠባይ መመሪያም ይቀበላል። ሱቅ ሲገባ ዕቃ ከመጠየቁ በፊት «ቦንዡር» እንዲል፣ የማያውቀውን ሰው «ቱ» ሳይሆን «ቩ» እንዲለው፣ «ሙስዩ» የሚለውን መጠሪያ ያለ ስም ብቻውን ቢናገር ነውር እንደሌለው ይነገረዋል። እነዚህ ምክሮች ብዙውን ጊዜ በሣጥን ተከበው በገጹ ዳር ይቀመጣሉ፤ ቋንቋው ከመካከል፣ ባህሉ ከኅዳግ። አከፋፈሉ የተመሠረተው አንድ ቋንቋ አንድ ሕዝብና አንድ የጨዋነት ሥርዓት አለው በሚል እምነት ላይ ነው። በትምህርት ቤትና በመንግሥት የጸና መደበኛ ልሳን ላላቸው አገሮች እምነቱ ያን ያህል ጉዳት አያደርስ ይሆናል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስትና አራት ቋንቋ በሚያፈራርቅበት ስፍራ ግን ይፈተናል።

ጎልቦ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ከቦረና ከፍታ በስተደቡብ የሚዘረጋው ይህ ቆላ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተኛ ሲሆን፣ በኬንያ ወገን ስሙ በሞያሌ አካባቢ የአንድ የአስተዳደር ክፍል መጠሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ስምምነት መሬቱን ለሁለት ቢከፍለውም፣ ቦረናኛ ተናጋሪውን ከወገኑ አልለየውም። በሞያሌ ገበያ ቦረናኛ፣ ሶማልኛና ቡርጂኛ ይሰማሉ፤ በኢትዮጵያ በኩል አማርኛ፣ በኬንያ በኩል ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይጨመራሉ። በዚህ ገበያ የሚማር ሰው የጠባይ መመሪያ ቢፈልግ መጀመሪያ እጁ የሚገባው ቶን ሌውስ ከሲንትያ ሳልቫዶሪ ጋር አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2006 በሻማ ቡክስ አማካይነት አዲስ አበባ የታተመው «አዳ ቦረና» የተሰኘ የቦረና ባህል መዝገበ ቃላት ነው። ሌውስ በቦረና ምድር የኖረ ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ነው፤ ሥራውም ቀደም ሲል ካዘጋጀው የቦረና መዝገበ ቃላት ያደገ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ባህልን ከኅዳግ አንሥቶ መካከል ላይ ማስቀመጡ ነው። ሥርዓቱ የሚገባው በቦረናኛው ቃል በር በኩል እንጂ አንባቢው ከቤቱ ይዞት በመጣው አርእስት አይደለም። የዚህን ጥቅም ለማየት «ቡና» የሚለውን ቃል መውሰድ ይበቃል። ቃሉን አማርኛ ተናጋሪም ቦረናም ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ተቆልቶ የተወቀጠ፣ በጀበና የፈላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚቀዳ መጠጥ ይታየዋል። ቦረና «ቡና ቀላ» ሲል የሚያስበው ከነገለፈቱ በቅቤ የሚጠበስ የቡና ፍሬና አብሮት የሚደርሰውን ምርቃት ነው። «ቀላ» ማለት ማረድ ነው፤ ለከብት የሚነገረው ግስ ለቡናው ይነገራል። «ቡና» ማለት «ቡና» ነው ብሎ የሚያልፍ የቃላት ዝርዝር ተማሪውን ከግብዣው ደጅ ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ሥራ ለኩሺቲክ ጥናት ውለታ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቃል ከቃል ጋር ተያይዞ ንግግር ሲሆን ነው። የፊደል ተራ የመዝገበ ቃላት ሁሉ ሕግ በመሆኑ ደራሲዎቹን በእርሱ መውቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ ሰዎች በፊደል ተራ አይገናኙም። «ነጋ» የሚለው ቃል ሰላም ማለት መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ «ነጋ ቀብዳ?» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ያው «ነጋ» መሆኑን፣ የዝናቡ፣ የግጦሹና የከብቱ ነገር ተራ በተራ እንደሚከተል፣ ከባዱ ወሬ የሚነገርበት ቦታም ከዚያ በኋላ መሆኑን ማወቅ ሌላ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ስለ ጤና የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም፤ መርዶም በሰላምታ መካከል አይጣልም፤ የራሱ ሰዓትና የራሱ ነጋሪዎች አሉት። የሰላምታ ትርጉም ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ በቃል ፍቺ ሥር ሊከማች አይችልም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ የዝምታ ነው። በአርብቶ አደር ዘንድ የሰውን ከብት ብዛት ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው። የሥነ ልሳን መጠይቅ ግን ቁጥርን ከስም ጋር ለማስቆጠር «ስንት ላም አለህ?» የመሰለ አረፍተ ነገር ሊመርጥ ይችላል። መዝገበ ቃላት የሚባለውን ይመዘግባል፤ የማይባለውን የሚያስይዝበት መግቢያ ቃል የለውም።

ሰዋስው ይህን ክፍተት ይሞላል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። ሃሪ ስትሮመር እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው የኬንያ ቦረና ኦሮምኛ ሰዋስው የድምፁንና የቅርጹን ሥርዓት ለማወቅ ዋና መነሻ ነው። በአማርኛ በኩል የቮልፍ ሌስላው የ1967 (እ.ኤ.አ.) የማስተማሪያ መጽሐፍ የአክብሮትን መደብ በግስ እርባታው ውስጥ ያስገባል፤ ይህም ትክክል ነው፤ በአማርኛ ጨዋነት ከግሱ የማይነጠል ነውና። ብራውንና ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረቡት ዝነኛ ጥናት የፈረንሳይኛውን «ቱ» እና «ቩ» የሥልጣንና የቅርበት መለኪያ አድርገው ካሳዩ ወዲህ፣ ብዙዎች «አንተ» እና «እርስዎ»ን በዚያው ሚዛን ይመዝናሉ። ሚዛኑ ግን ይጎድላል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አክብሮቱን በተውላጠ ስም የሚገልጸው ፊቱ ላለው ሰው ብቻ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ በሌሉበትም «እሳቸው መጡ» ይላል። እናት ወንድ ልጇን «አንቺ» ብላ ስታቆላምጥም ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱም አይይዘውም። ሠንጠረዡ ቅርጹን ይሰጣል፤ ማን ለማን፣ በማን ፊት እንደሚለው ግን ሠንጠረዥ አይናገርም።

በጎልቦ ይህ ጉድለት ከመጽሐፍ አልፎ ሰው ላይ ያርፋል። ስዋሂሊ ለአንድ ሰው የሚለው «ዌዌ» ታላቅና ታናሽ አይለይም፤ አክብሮቱን የሚሸከሙት «ምዜ» እና «ማማ» የመሰሉ መጠሪያዎች ናቸው። በኬንያ ትምህርት ቤት ያደገ ወጣት ድንበሩን ተሻግሮ አንድ ሹም ዘንድ ሲቀርብ፣ በራሱ ሚዛን ጨዋ ሆኖ «አባት» ካለ በኋላ በግሱ ላይ «አንተ» ቢል፣ ሰሚው መጠሪያውን ረስቶ ግሱን ብቻ ሊሰማ ይችላል። ወጣቱ ባለጌ አይደለም፤ የተማረው አክብሮት ያለው በስም እንጂ በግስ አይደለም። ይህን የሚያስረዳ መመሪያ በቦረናም፣ በአማርኛም፣ በስዋሂሊም መጽሐፍ ለብቻው ሊገኝ አይችልም፤ ጉዳዩ የሚኖረው በሦስቱ መካከል ነውና።

ስለዚህ ለአካባቢው ቋንቋዎች አጥኚ የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። «አዳ ቦረና» መሠረቱን ጥሏል። ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሙሉ ግንኙነቶችን፣ ማለትም በገበያ፣ በውኃ ጉድጓድ፣ በጤና ጣቢያና በጽሕፈት ቤት የሚደረጉ ሰላምታዎችን፣ ከነተራቸው፣ ከነተናጋሪዎቹ ዕድሜና ዝምድና፣ ቋንቋ ከቀየሩበት ነጥብ ጋር መመዝገብ ነው። ስሕተት የተፈጠረበትና የታረመበት ቦታ በተለይ ሊጻፍ ይገባል፤ ተማሪ የሚማረው ከዚያ ነው።

ይህ የአጻጻፍ ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኬንያዋ ሞያሌ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ግጭት ብዙ ሰው አፈናቅሏል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ ተጠልለዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት ከማዶ የመጣ ሰው «ነጋ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ሰላምታም ነው፣ ጥያቄም ነው። መልሱ «ነጋ» ይሆናል፤ እውነቱ ደግሞ በተራው ይመጣል። የመጀመሪያውን መልስ ሰምቶ መዝገቡን የሚዘጋ ተማሪ፣ የእርዳታ ሠራተኛ ወይም አጥኚ፣ ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ሰውየውን ሳይሰማው ይሄዳል።