ብዙ «ምን»፣ ጥቂት «ለምን»

ዴቪድ ዌልስ ለፔንግዊን አሳታሚ ያዘጋጀው የአስገራሚና ማራኪ ቁጥሮች መዝገበ ቃላት (እ.ኤ.አ. 1986) ቁጥሮችን በመጠናቸው ተራ ይደረድራል። ከዜሮ በታች ይነሳና የግራሃም ቁጥር በተባለው፣ አኃዞቹ ተጽፈው በማያልቁ ግዙፍ ሙሉ ቁጥር ይዘጋል። በየመካከሉ የእያንዳንዱን ቁጥር ጠባይ፣ ምድብና ታሪክ በአጭር በአጭሩ ያወጋል። 39ን ምንም የሚማርክ ነገር የሌለው የመጀመሪያው ቁጥር ይመስላል ካለ በኋላ፣ ይኸው የመጀመሪያነቱ ማራኪ እንደሚያደርገው ይቀልዳል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን መጽሐፉ አጥብቆ ያልያዘውን ጥያቄ ያስነሳል፦ የማራኪነት መለኪያው ምንድን ነው?

153ን እንውሰድ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ከጥብርያዶስ ባሕር የወጡት ዓሦች ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 17 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩም 153 ይሆናሉ፤ ይህ በየትኛውም አጻጻፍ እውነት ነው። ሦስቱ አኃዞቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ (1+125+27) ደግሞ ያው 153 ይመጣል። ይህኛው ግን በአሥር በአሥር ከመቁጠራችን የመጣ ነው። ዌልስ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ይነግረናል።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የአኃዝ ድምሩን ነገር ለጋዜጣ እንቆቅልሽ እንጂ ለሒሳብ ሰው እንደማይመጥን ጽፎ ነበር። ዌልስ እጁን አብዝቶ ከዘረጋ ሃርዲ አብዝቶ ሰብስቧል። ለዚህ 142857 ይመሰክራል።

ይህ ቁጥር ከ2 እስከ 6 ባሉት ቁጥሮች ሲባዛ ያው አኃዞች ቦታ ይዟዟራሉ፦ በ2 285714፣ በ3 428571። ተራ የአኃዝ ጨዋታ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጥልቅ ነው። 1ን ለ7 ስናካፍል ከነጥብ በኋላ እየተደጋገሙ የሚወጡት እነዚሁ አኃዞች ናቸው፤ የሥራው ቀሪዎችም 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 እየሆኑ ሄደው ወደ 1 ይመለሳሉ። 2ን ወይም 3ን ለ7 ማካፈል ወደዚያው ዑደት በሌላ በር መግባት ነው። በሦስት በሦስት ብንቆጥርም የ1/7 ዑደት እንዲሁ ስድስት አኃዝ አለው።

በግእዝ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ገጽ ይታያል፦ ፲፬፼፳፰፻፶፯። እጥፉ ፳፰፼፶፯፻፲፬፣ የእጥፉ እጥፍ ፶፯፼፲፬፻፳፰ ነው። የግእዝ አጻጻፍ በመቶ በመቶ ስለሚመድብ ፲፬፣ ፳፰ና ፶፯ ሳይፈርሱ ይዞራሉ። በሦስት ሲባዛ ግን ፵፪፼፹፭፻፸፩ ይሆናል፤ ዝምድናው ከዓይን ይሰወራል። አጻጻፉ የትኛው ጠባይ እንደሚታየን ይወስናል፤ ጠባዩን የሚያስገኘው ግን የ7 ቀሪዎች ዑደት ነው።

ስለዚህ ቁም ነገሩን ከጨዋታ የሚለየው የአኃዝ መኖር አለመኖር ሳይሆን የምክንያት መኖር ነው። የመጽሐፉ ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ማስታወሻዎች ያለ ማረጋገጫ የቀረቡ በመሆናቸው አንባቢው ድንገተኛውን ግጥጥሞሽ ከሥር ካለው ሕግ የሚለይበት ምልክት አያገኝም። በመጠን መደርደሩም በጠባይ የሚዛመዱትን ያራርቃል፤ የ7 ዘመድ የሆነው 142857 ከ7 ብዙ ገጽ ርቆ ይገኛል።

ቢሆንም የዌልስ ለቀማ ሰፊ ነው፤ አቀራረቡም አያሰለችም። እርሳስና ወረቀት ይዞ በእያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር «ለምን?» ብሎ ለሚጽፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም መምህር፣ ጉድለቱ ራሱ የመልመጃ ምንጭ ይሆናል። ማብራሪያ ፍለጋ ለሚገልጠው ግን በቂ አይደለም።