ጠቢብ ዓለምን የናቀ ነውን?

በራማት የዲዲም ሽማግሌዎች ሲሰባሰቡ «ዓለም አላፊ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ሥራና ልጆች ያሉት ወጣት ግን ይህን ሲሰማ ጥበብ ለእርሱ ያልተሰጠች ይመስለዋል።

የግሪክ ጠቢባን ቃል ወደ ግዕዝ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ በመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ነው። ክሎድ ሰምነር በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አሳትመውታል። ምክሩ ያንጻል፤ ጉድለቱ ግን የጠቢባኑን ቃል እንጂ ኑሯቸውን አለማሳየቱ ነው።

በዐረብኛ የጥበብ መጻሕፍት ሶቅራጥስ በጋን ውስጥ የሚኖር ባሕታዊ ሆኖ ይገኛል። የጋኑ ታሪክ ግን የዲዮጋን ነው። ሶቅራጥስ የሦስት ልጆች አባት፣ ለአቴና የዘመተ፣ በገበያ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ከዘመን ቆጠራ በፊት በ399 ዓመት ሞት ሲፈረድበትም የከተማውን ሕግ አክብሮ መርዙን ጠጣ እንጂ አልሸሸም።

በቻይናም እንዲሁ ነው። ኮንፊሽየስ ጥበብን ከአባትና ከእናት ክብር ጀምሮ እስከ መንግሥት ሥራ አደረሰ፤ ለወላጅም የሦስት ዓመት ሐዘን አስተማረ። ዧንግዚ ግን ሹመት ሲቀርብለት በጭቃ ውስጥ ጅራቷን እየጎተተች የምትኖር ኤሊ መሆንን መረጠ ይባላል። እንግዲህ በሁለቱም አገር ሁለቱም ወገን አለ።

የእኛስ? በጎንደር አገር በሆህዋርዋ የነበሩ መነኮሳት ከሕዝቡ ተለይተው ቢኖሩም ቄሶችን ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ የጠቢባንን ቃል ለልጆቻችን ስናስተምር ኑሯቸውንም አብረን እንንገራቸው።