አንድን ፕሮግራም በብዙ መሣሪያ ስለ ማሠራት፦ በአውቶኮንፍና በኑዌርኛ አጻጻፍ መነሻነት የቀረበ ሂስ

በጋምቤላ ክልል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ኑዌርኛ ነው። የአጻጻፉ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1928 ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው አገር፣ በራጃፍ በተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ሲሆን፣ የተመረጠውም የላቲን ፊደል ነው። እስትንፋስ የሚቀላቀልባቸው አናባቢዎች ከሥራቸው በሚሰመር ሰረዝ ይለያሉ። በዩኒኮድ ሥርዓት ለእነዚህ ፊደላት የተናጠል ቁጥር ስላልተመደበ፣ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን በሁለት ቁጥሮች፣ ማለት አንዱን ለአናባቢው፣ ሌላውን ለሰረዙ አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ ጉዳይ ጥቃቅን ቢመስልም፣ መዝገበ ቃላትና የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም በሚዘጋጅበት ጊዜ ከባድ ፈተና ይሆናል። ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ዋና ጥቅሙ፣ ማንም ጽሑፉን ተቀብሎ በራሱ መሣሪያ ላይ በኮምፓይለር አማካይነት ለሥራ ማብቃት መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፓይለሮች ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጂሲሲ የፕሮግራሙን ጽሑፍ በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት እንደ ተጻፈ አድርጎ ሲቀበል፣ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው ወይም በፋይሉ ራስ ላይ ምልክት ካላገኘ በመሣሪያው የአካባቢ ኮድ ያነበዋል። በሲ ቋንቋ «ሰፊ ፊደል» የሚባለውም በሊኑክስ 32፣ በዊንዶውስ 16 ቢት ነው። ስለዚህ በአንዱ ዘንድ የቀና ቃል በሌላው ዘንድ ሊበላሽ ይችላል።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ከተዘጋጁት ሥራዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1991 በዴቪድ ማኬንዚ የተጀመረው አውቶኮንፍ በቀደምትነት ይጠቀሳል። ትልቁ ብልጫው የመሣሪያውን ስም ከመጠየቅ ይልቅ ችሎታውን መፈተኑ ነው። መምህር ተማሪውን በመጣበት ትምህርት ቤት ስም ሳይሆን በፈተና እንዲመዝነው፣ አውቶኮንፍም አንድን አገልግሎት ለማወቅ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ይሞክራል። ይህ መርህ ሊመሰገን ይገባል።

ጉድለቱ ግን በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው፣ በዩኒክስ ሼል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በዊንዶውስ ላይ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የማይሠራ መሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ሲሜክ ይህን ክፍተት በብዙ ደረጃ ሸፍኗል። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ሁለቱም ቢሆኑ ፕሮግራሙ እንዲገነባ እንጂ ፊደሉ እንዳይጎድል ዋስትና የማይሰጡ መሆናቸው ነው። ግንባታው ያለ አንዳች ስሕተት ተፈጽሞ ሰረዙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰረዙ ከጠፋም ሕፃኑ የሚያነበው ሌላ አናባቢ ይሆናል።

በመሆኑም የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የኮምፒዩተር ትምህርት «ፕሮግራሙ ተገነባ» በሚል ውጤት ሊረካ አይገባውም። ሠልጣኙ ሰረዝ ያለበትን የኑዌርኛ ቃል የሚጽፍ፣ መልሶ የሚያነብና ከመጀመሪያው ጋር የሚያስተያይ አጭር ፈተና አዘጋጅቶ፣ ቢያንስ በሁለት ኮምፓይለሮችና በሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ላይ እንዲሞክር ማድረግ ይገባል። የፕሮግራሙ ዋጋ ሊለካ የሚገባው በተሠራበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ በሚደርስበት ትምህርት ቤት መሣሪያ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።